የፈይሩዝ ታላዴጋ

ፈይሩዝ የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ፎርድ ታላዴጋዋን ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ነድታ የድሮ መኪኖች ወደሚታዩበት ካር ሾው አመጣችው። ሞተሩን አውርዳ ያደሰችውም ራሷ ናት። ባሏ ሱሃይብ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር የመጣው።

አጠገባቸው ፕሊመዝ ሱፐርበርድ ቆሟል። አፍንጫው ሹል ነው፤ ከኋላው ደግሞ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ ትልቅ ክንፍ አለው። ሁለቱም መኪኖች ተፎካካሪ ኩባንያዎች ስቶክ ካር ለሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ብለው ያወጧቸው ናቸው። ታላዴጋ ግን አፍንጫው ረዘም ከማለቱ በቀር ዓይን የሚስብ ነገር ስለሌለው ሰዉ ሁሉ ባለ ክንፉን ከበበ።

አንድ ሰውዬ ፈይሩዝን አልፎ ሱሃይብን «የቱ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀው።

ሱሃይብ ሳቀና «ባለ ክንፉ ነዋ! የኛማ ተራ መኪና ነው የሚመስለው» አለ።

የፈይሩዝ ደም ፈላ። «እኔ እዚህ ቆሜ አንተን ሲጠይቅ ‹ባለቤቷን ጠይቃት› አላልክም። ጭራሽ የለፋሁበትን መኪና ታጣጥላለህ? ያለ ክንፍ እኮ ነው ንፋሱን የሚሰነጥቀው!»

«ኧረ ፈይሩዝ፣ ስቀልድ ነው!»

«እንግዲያው በሜትሮ ባቡር እየቀለድክ ና!» አለችና መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ሱሃይብ መሀል ላይ ባቡር ቀይሮ ቤት ሲደርስ ጋራዥ ውስጥ አገኛት።

«አውፍ በይኝ፤ መኪናሽን መናቄ አልነበረም» አላት።

«የናቅከው እኮ መኪናውን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ነው። ቅዳሜ አናንዴል ሌላ ሾው አለ፤ ብቻዬን ነው የምሄደው።»

እንዳለችውም ብቻዋን ሄደች።