የወደቁት አምስት ነጥቦች

አምስት ነው ያለችው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ከአርባው ነጥብ አምስቱ ወደቁ አለች የቤተ ሙከራው ኃላፊ ኬርቱ ደረጃው ላይ፣ እኔም ደብተሬ ላይ ያለኝ አምስት ነው፣ ጓንቱ አልወልቅ ብሎኛል፣ ይቅር፣ በጓንቴ እወጣለሁ።

የሆነው በመስቀል ዋዜማ ነው። የውሃ ማጣሪያው ማሽን ተበላሽቷል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል፣ እኔ የማጥበው አምስት ብልቃጥ ቀርቶኛል፣ በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አኖርኳቸው፣ ነገ በተጣራው እደግማቸዋለሁ ብዬ ቁጥራቸውን ጻፍኩ፣ ወደ ጸሎቱ ሮጥኩ። ጠዋት ስመጣ መደርደሪያው ባዶ። ማን ወሰዳቸው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሳጥብ አንድም ቀን ስሜ በክፉ አልተነሳም፣ አፈርኩ፣ ዝም አልኩ፣ እዚህ ዮኤንሱ ከተማ ዝም ያለ ሰው ጨዋ ይባላል፣ የኔ ግን ጨዋነት አይደለም፣ ኩራት ነው። አቤቱ ማረኝ።

ስንት ሰዓት ነው፣ አራት ከአምስት፣ ስብሰባው አራት ሰዓት ነው፣ አራት ሰዓት ማለት ደግሞ አራት ከሩብ ማለት ነው፣ እነዚህ የተማሩ ሰዎች ሩቧን እንደ ሕግ ነው የሚያከብሯት፣ አስር ደቂቃ አለኝ። ከዚያ ሄልካ ትነሳና ተሳስቻለሁ ትላለች፣ ጽሑፌን ከመጽሔቱ አወጣለሁ ትላለች፣ የሰባት ዓመት ድካም።

ሄልካ የሒሳብ ሰው ናት፣ እዚህ ምድር ቤት ወርዳ ማጠቢያዬ አጠገብ ፖም ትበላለች፣ ትሪፎ አለችኝ አንድ ቀን፣ የኔ ፈንክሽን ምን ዓይነት መሰለህ፣ ቀስ በይ እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት አልኳት፣ ሳቀች፣ ቁጥር ትሰጠዋለህ ቁጥር ይመልስልሃል፣ ግን ትንሽ ቁራጩን ካወቅህ የቀረው እስከ ዳር ድረስ የታወቀ ነው፣ የሚደበቅበት ጥግ የለውም። የሚደበቅበት ጥግ የለውም። ያን ማታ ስጸልይ ከልቤ አልወጣ አለኝ።

ኬርቱ ደግሞ እርሾ ታበቅላለች፣ እርሾው ውስጥ ያለው ዘረመል፣ ጂን የሚሉት፣ ስኳር ሲሰጡት እንዴት እንደሚነቃ ትለካለች፣ አርባ ብልቃጥ፣ በየተራ ይከፈታሉ፣ እያንዳንዱ ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ። ሄልካ የመጀመሪያዋን አስር ደቂቃ ብቻ አይታ የስድስት ሰዓቱን መስመር ሰሌዳው ላይ ሳለችው፣ እርሾውም በመስመሯ ሄደላት፣ አምስቱ ከመስመሩ በታች እስኪወድቁ። ያንቺ ፈንክሽን ከኔ እርሾ ጋር አልተዋወቀም መሰለኝ፣ ኬርቱ ናት፣ ሠላሳ አምስቱ እኮ ልክ ናቸው ሲባል ሄልካ ራሷን ነቀነቀች፣ አምስቱ ከወደቁ ሁሉም ወድቋል፣ ይህ ዓይነቱ ለግማሽ ልክ አይሆንም።

ቧንቧው ግን መዳብ ነው። መዳብ። ኬርቱ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ መዳብ የነካው እርሾ ይደነዝዛል፣ ሦስቴ በተጣራ ውሃ ትሪፎ ትለኛለች፣ ደግሞ ትቀልድብኛለች፣ ትጸልይባቸዋለህ እንዴ እንዲህ የሚያበሩት። በታኅሣሥ ውሌ ያልቃል፣ የምትፈርመው እሷ ናት። ቁጥሩ ባይገጥምስ፣ የወደቁት ሌሎች አምስት ቢሆኑስ፣ እኔም ተዋርጄ ሄልካም ወድቃ፣ አይ፣ ወጣሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩን እገፋዋለሁ።

አትንገሩኝ እላለሁ፣ የትኞቹ እንደወደቁ አትንገሩኝ። ምን ሆነሃል ትላለች ኬርቱ፣ ጓንትህን እንኳ ሳታወልቅ። ጀርባዬን ለሰሌዳው ሰጥቻለሁ፣ በመስኮቱ ወንዙ ይታየኛል፣ አምስት ብልቃጥ በቧንቧ ውሃ ነው ያለቀለቅኩት፣ ቸኩዬ፣ እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ እናንተ እዩ። ስድስት። ጠመኔው ሰሌዳውን ሲነካ እሰማለሁ፣ ጠቅ። አስራ አንድ። ጠቅ። አስራ ሁለት፣ ወዲያው ጠቅ፣ የኬርቱ ወንበር ወደኋላ ተንሻተተ፣ አስራ ሰባት፣ ጠቅ፣ ጌታ ሆይ አንዷን ብቻ፣ ሃያ ሦስት።

ጠቅ የለም።

እዞራለሁ። ጠመኔው ተሰብሮ ወለሉ ላይ ነው፣ ሄልካ በጣቷ ነጥቡን ተጭናዋለች፣ ከመስመሩ በታች፣ ብቻውን፣ ሃያ ሦስት ትላለች፣ ይኸው ትላለች።

አርባውን ለማጠብ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል፣ ኬርቱ ናት፣ አታየኝም። ሦስቴ ካለቀለቅኩ ሦስት ሰዓት። አራቴ አለቅልቅ፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ፣ እንደገና እንለካለን፣ የውልህን ነገር ከዚያ በኋላ እናወራለን። እሺ ኬርቱ። ትቁም፣ ትየኝ፣ ውሉም ይቅር ካለች ይቅር፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነው በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ፈንክሽኑ አልዋሸም፣ ሄልካ አልተሳሳተችም፣ ተመስገን፣ ጌታ ሆይ ተመስገን፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣