በመስታወት ውስጥ የተቀመጠው ቁልፍ

አዲሱን አደባባይ በዓይኔ ላላይ ምዬ ነበር። መሐላዬን ያፈረሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። «ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ ማኩረፍ አይበቃም? የምሠራበትን ቦታ አንድ ቀን ብታይልኝ ምን አለ?» አለኝ። እሱ የአደባባዩ ጥገና ሠራተኛ ነው። እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፤ እልኸኛ ደግሞ ነኝ።

ያምራል፣ ምን ይደረግ። ያናደደኝም ማማሩ ነው። ውሃ ከመሬት ይፈናጠራል፣ ሕፃናት እስኪበሰብሱ ይሯሯጣሉ፣ ጡረተኞች ቼዝ ላይ ይጨቃጨቃሉ። ሱቄ የነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ወጣት አይስክሬም ትሸጣለች።

ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ሃያ ሦስት ቤተሰብ ሆነን ማንም ለብቻው ቤቱን እንዳያስረክብ ተስማማን። ትርፍ ቁልፎችን ሁሉ ሰብስቤ ጥርሳቸውን በሞረድ አጠፋሁ። ለየቤቱ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀረ። ሰው ጠዋት ቤቱን ቆልፎ ሲወጣ ቁልፉን እኔ ሱቅ ያለው ሽቦ ላይ ይሰቅላል፤ ማታ ወስዶ ይገባል። አንድ ቁልፍ ከጎደለ ማን እንደከዳ ወዲያው ይታወቃል።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሁለት ቀን ወጣ አለች። በማግስቱ አፍራሾቹ መጥተው ቤቷን በቁልፍ ከፈቱ፣ ዕቃዋን አወጡ፣ ግድግዳውን ናዱት። «ባለቤቷ በፈቃዷ ቁልፉን ልካለች» አሉን። ቁልፏ ግን ሽቦው ላይ እንደተሰቀለ ነው! ትርፍ ቁልፍ ደብቃ ኖሯል ማለት ነው አልኩ። ስትመለስ ሃያ ዓመት እንደ እህቴ ያየኋትን ሴት በሰው ፊት ከሃዲ አልኳት። ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት። ሰፈሩ ፊቱን አዞረባት፤ ከዚያ ሌላውም ተስፋ ቆርጦ ቁልፉን ከሽቦው እየነቀለ አስረከበ።

ከአደባባዩ ጥግ «የሰፈሩ ትዝታ» የሚል የመስታወት ሣጥን ቆሟል። ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «እሱ ምንም የለውም ጋሼ፣ ና ውሃውን እንይ።» እንዲህ ባይለኝ ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር። ውስጡ ከአሮጌ ፎቶዎች መሃል አንድ ቁልፍ ተቀምጧል፤ ከሥሩ «በፈቃደኝነት የተረከብነው የመጀመሪያው ቁልፍ» ይላል።

መነጽሬን አደረግሁ። ሰው የእጅ ጽሑፉን እንደሚለይ እኔም የሱቄን ሥራ እለያለሁ። የሞረዱ ጭረት ወደ ግራ አጋድሏል። እኔ በቀኜ ነው የምሠራው። ሱቄ ውስጥ በግራ እጁ የሚሞርድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሙያውን ያስተማርኩት፣ እናታችን ስትሞት አደራ ያለችኝ።

«ሥራ እንሰጥሃለን አሉኝ» አለ ምንም ሳልጠይቀው። «መፍረሱ እንደሆነ አይቀርም ነበር፣ ጋሼ።»

«የእሷን ቁልፍ ለምን ቀርጸህ ሰጠህ?»

«የእኛን ብሰጥ ታውቅብኝ ነበራ።»

ደሜ ፈላ። እጄን አንስቼ ልመታው ስል የሕፃናቱ ዓይን አስጨነቀኝና ተውኩት። የገዛ ወንድሜ! አንድ ሽቦ ጠባቂ ተብዬ፣ ሌባውን ከጎኔ አስቀምጬ ምሳ ሳበላው ኖሬያለሁ።

ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ለልብስ ሰፊዋ በዕጣ የደረሳት ሱቅ ከአደባባዩ ማዶ ነው። የክህደቷ ዋጋ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አምቻታለሁ። «ና ተከተለኝ፣ ፊት ለፊት ትነግራታለህ» ብዬው ተሻገርኩ።

ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ስታየኝ ማሽኑን አቆመች።

«መጣህ?» አለች። «አራት ዓመት ጠበቅኩህ። ቁልፌን ለማን ትቼ እንደሄድኩ እኔ አላውቅም? የሸጥከኝ አንተ እንደሆንክ የዚያን ዕለት ነው የገባኝ። አንድ ቀን ሕሊናው ይወቅሰውና ራሱ ይነግረኛል ብዬ ዝም አልኩ። በል ተናገር።»

እኔ እሷን ከሃዲ ስል እሷም እኔን ስትል ኖራለች።

«ለሰደብኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ቁልፉን ግን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። ወንድሜ ነው፤ እኔም አሁን ነው ያወቅኩት። ይኸው፣ ራሱ ይንገርሽ» ብዬ ዞርኩ።

በሩ ላይ ማንም የለም። አደባባዩ በሰው ተሞልቷል፤ የሱን ጀርባ እንኳ ከሰው መለየት አልቻልኩም።

ልብስ ሰፊዋ እስክዞር ጠበቀችኝ።

«ያኔ በእኔ አላከክህ» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር። «ዛሬ ደግሞ በገዛ ወንድምህ?»

ማሽኑን ረግጣ ወደ ሱሪው ተመለሰች።