ወፍ የማያየው እንግዳ

"እዚያ! ከላይ፣ ቅርንጫፉ ላይ!" አለች አስጎብኚዋ በሹክሹክታ። አረንጓዴዋ ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሻገር የክንፏ ቀይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ይህችን ወፍ ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ አለ፤ አይቶ ዕንባ የተናነቀውም አለ። እንግዳው ግን ቀና እንኳ አላለም።

"ቆንጆ ናት" አለ ሰዓቱን እያየ። "በቀቀኖቹ ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይቀረናል?"

ነገሩ አልጥም አላት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወፍ ተመልካቾችን በዚህ ደን ውስጥ መርታለች። ወፍ ወዳድ በየዛፉ ሥር ይገተራል፤ ምሳውን ይረሳል። የዚህ ሰውዬ ባይናኩላር ግን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከነክዳኑ ነው። ያዘለው ትልቅ ቦርሳ ደግሞ ጎንና ጎኑ ወንፊት የመሰለ መረብ ሲሆን፣ ባዶ መሆኑ ያስታውቃል።

"ጫጩቶቹ ላባ አውጥተዋል?" ሲል ጠየቃት።

"የትኞቹ ጫጩቶች?"

ሰውዬው ደንገጥ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ከኋላ የሚከተላቸው ሾፌር ታናሽ ወንድሟ ነው። ባለፈው ሳምንት በአንድ ዛፍ ግንድ ፍልፍል ውስጥ ሦስት የበቀቀን ጫጩቶች ስታገኝ አብሯት የነበረው እሱ ብቻ ነው። ይህን እንግዳ ያመጣላትም እሱው ነው።

ሰውዬው ውሃ ሊጠጣ ሲቆም ወንድሟን ገለል አደረገችው።

"የት አገኘኸው?"

"ሆቴል ነዋ! የት ላገኘው ኖሯል?"

"ወፍ የሚያይ ሰው አይመስልም።"

"አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስልሻል። ወፍ ባየ ቁጥር እልል ይበልልሽ?"

ሳቀች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ልታምነው ፈለገች።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ሆን ብላ ወደ ግራ ታጠፈች። እንግዳው ዝም ብሎ ተከተላት። ዝም ያላለው ወንድሟ ነው።

"እታለም፣ ጎጆው በቀኝ በኩል ነው እኮ!"

"ጫጩቶቹ ገና ናቸው። ሰው ባይረብሻቸው ይሻላል።"

"ቃል ገብቼለታለሁ!"

"ምን ብለህ?"

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። እንግዳው ግን ምንም አላፈረም፤ "ያንቺም ድርሻ አለበት፤ ለምን እንጨቃጨቃለን?" አለ ፈገግ ብሎ።

ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ የደን ጥበቃ ኃላፊው ጋ ደወለች።

"የደኑ በር ላይ የቆመችውን መኪና እንዳታስወጧት" አለች። "የበቀቀን ጫጩት ሊሰርቁ የመጡ ሰዎች አሉ።"

"ስንት ናቸው?"

ወንድሟ ዓይን ዓይኗን ያያል።

"ሁለት" አለች።