የሦስተኛዋ ዕንቁ ራጅ

"ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ልጄ።"

መሰላል ላይ ወጥታ ግድግዳው ላይ ፊደል የምትለጥፈው የሙዚየሙ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ዘወር ስትል፣ አንዲት ቀጠን ያሉ አሮጊት ቦርሳቸውን አቅፈው ወደ ላይ ያያሉ።

"እናቴ፣ የምንከፍተው እኮ ነገ ነው።"

"ነገ ከሰው ጋር ከምጋፋ ብዬ ጥበቃውን ለምኜ ገባሁ። ዕንቁ ሁለት ናት ብለሻል። ሦስት ናቸው።"

ግድግዳው የባሕር ኃይሉን ሰርጓጅ መርከቦች በየመደባቸው ይዘረዝራል፦ ተገዝተው የመጡት ስድስት አዞዎች፣ ፈጣን ሆነው ጩኸታቸው ከሩቅ የሚያሳጣቸው አራት ጭልፊቶች፣ በመጨረሻም እዚሁ ወደብ ላይ የተሠሩት ሁለት ዕንቁዎች። ሠራተኛዋ ይህን ለመሰብሰብ ስምንት ወር ሙሉ አቧራ ስትቅም ከርማለች። ስለ ሦስተኛ ዕንቁ የሚያወራ ወረቀት ግን አላየችም።

"ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል? የበየድኳት እኔ ነኝ።"

ሠራተኛዋ ከመሰላሉ ወረደችና ወንበር ሳበችላቸው።

"ግማሿ አልቆ ነበር" አሉ በያጇ። "አንድ ቀን ጠዋት ከሆዷ ሥር፣ ራሴ የበየድኩት ላይ፣ ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ስንጥቅ ነው ብዬ ጮህኩ።"

"ደግ አደረጉ! ውኃ ውስጥ ቢሆንስ?"

"ዋና መሐንዲሱ ታላቅ ወንድሜ ነበር። 'ጭረት ነው፣ አትሸበሪ' አለኝ። እኔ መች እሰማለሁ፤ እሱን ዘልዬ አለቆቹ ዘንድ ሄድኩ። እሱን ከቦታው አነሱት፤ እሷን ቆራርጠው አቀለጧት። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም።" ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ። "ከመቁረጣቸው በፊት ራጅ አንሥተዋት ነበር። ውጤቱን ግን ማንም አልነገረኝ።"

"ብረትም ራጅ ይነሣል?"

"እንደ ሰው ነዋ! ስንጥቅ ካለበት ጥቁር ክር ሆኖ ይወጣል።"

ሠራተኛዋ የሚለጠፉትን ፊደሎች ረሳቻቸው። ሴትዮዋን ይዛ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደችና "ልዩ ልዩ" የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን፣ እስከ ዛሬ ያልከፈተቻቸውን ሣጥኖች መጎተት ጀመረች።

"ልዩ ልዩ ማለት ምን ማለት ነው?" አሉ በያጇ።

"ጸሐፊው ሰልችቶት ነበር ማለት ነው።"

ከአራተኛው ሣጥን፣ ከድሮ የሥራ ልብስ መጠየቂያዎች ሥር፣ "ዕንቁ 3" የሚል ሰፊ ፖስታ ወጣ። ውስጡ የነበረውን የራጅ ፊልም መስኮቱ ላይ ዘረጉት። በያጇ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት። ከዚያ እንደገና ጀመሩ። ሠራተኛዋም ጥቁሩን ክር ፈለገች። የለም።

ከፖስታው የወደቀውን ብጣሽ ወረቀት አነሣች። "ላዩ ላይ ጭረት። ስንጥቅ የለም" ይላል። የተጻፈው፣ በያጇ ቀኑን አይተው እንደነገሯት፣ መርከቧ እንድትቆረጥ ከታዘዘ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

"ምናልባት ራጁ ስቶት ይሆናል" አለች።

"አንዳንዴ ይስታል።" ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። "ይሄ ግን አልሳተም። ብየዳዬ እንዴት እንደሚያምር እዪው። እኔ ነኝ እጄን ያላመንኩት።"

ፊልሙን ወደ ፖስታው መለሱት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው የታጠፈች ወረቀት አወጡ፤ ወንድማቸው ልጁን ሲድር ከላከው፣ እሳቸውም ካልሄዱበት የሠርግ ጥሪ የገለበጡት ስልክ ቁጥር ተጽፎባታል።

"ስልክሽን ታውሺኛለሽ? የእኔን እቤት ጥዬው መጥቻለሁ።"

ሠራተኛዋ ቁጥሩን መትታ ሰጠቻቸው።

"አቤት፣ ማን ልበል?" አለ ከወዲያ የደከመ የወንድ ድምፅ።

በያጇ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። ሠራተኛዋ ለብቻቸው ልተዋቸው ብላ ወደ በሩ ስትራመድ እጅጌዋን ያዟት።

"አትሂጂ" አሉ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው። "ብቻዬን ካወራሁት መዋሸቴ አይቀርም።"

ሠራተኛዋ ተመልሳ አንዱ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። በያጇ መዳፋቸውን ከስልኩ አነሡ።

"ወንድም ጋሼ" አሉ፣ "እኔ ነኝ።"