የሎደሩ ካሳ

የመንገድ መሥሪያ ቤቱ የሎደሩን ኪራይ መክፈል ካቆመ ወራት አልፈዋል። ባለሎደሩ ያልጠናው ደጅ የለም። ፋይናንስ ወደ ፕሮጀክት፣ ፕሮጀክት ወደ ሥራ አስኪያጁ ይልከዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ መልሶ ወደ ፋይናንስ ይሰደዋል። «የመንግሥት ገንዘብ አይጠፋም» ይሉታል። እውነት ነው፣ አይጠፋም፤ አይገኝም እንጂ። ሎደሩን የገዛው ቤቱን ለባንክ አስይዞ ነው። ማሽኑን ከሥራው እንዳያስወጣ፣ ያለፈውንም ይክዱኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ እየሳቀ ሰላም ይላቸዋል፣ ውስጡ ግን እርር ድብን ይላል።

ሎደሩን የሚነዳው የገዛ ልጁ ነው። ዝናቡ በከፋበት ሰሞን መንገዱ የሚቆረጥበት ገደል አናቱ ላይ ተሰነጠቀ። የመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ሥሩ ገብተህ አፈሩን ጫን ሲለው ልጁ አልገባም አለ። ኢንጂነሩ አልተቆጣም። ለአባትየው ደወለና፣ ልጅዎ ሥራ እያጓተተ ነው፣ በዚህ ዓይነት ክፍያዎን ማን ይፈርማል ብሎ ዘጋው። አባት ወዲያው ለልጁ ደወለ።

«ያሉህን አድርግ። ከነዚህ ሰዎች ጋር አታጣላኝ።»

«አባዬ፣ አፈሩ ተሰንጥቋል እኮ።»

«ግባ አልኩህ።»

ገባ። ገደሉ ተንዶ ጋቢናውን ጨፈለቀው። ልጁን ብረቱን ቆርጠው አወጡት፤ ሐኪም ቤት ደግሞ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። መሥሪያ ቤቱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ግባ አለው?

አባትየው መሥሪያ ቤቱን ለመክሰስ የያዘው ጠበቃ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስረዳው። ያለፈው ኪራይ ብዙም አያከራክርም፤ ለብቻው ግን የባንኩን ዕዳ አይሸፍንም። የሎደሩ ካሳ የሚገኘው ልጁ የገባው በኢንጂነሩ ትእዛዝ መሆኑ ከተረጋገጠ ነው፤ ካልሆነ ቤቱ ይሸጣል። የልጄ እግርስ ብሎ ሲጠይቀው ጠበቃው ውሉን ገለጠ። በውሉ መሠረት ኦፕሬተሩ የባለማሽኑ ሠራተኛ ነው፣ አሠሪው አንተ ነህ አለው።

ስለ ስልኩ አባት ለጠበቃው ትንፍሽ አላለም። እናትየው እንኳ አታውቅም። ልጁም አላወራም፤ ካባቱ ጋር ግን ምግብ ቀርቧል ከማለት ያለፈ ቃል መለዋወጥ ከተወ ቆይቷል።

የምስክርነቱ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ልጁን በለስላሳ ድምፅ መጠየቅ ጀመረ። መጀመሪያ አልገባም ብለህ ነበር አይደል ሲለው፣ አዎ አለ። ታዲያ በኋላ ማን አስገባህ አለው። የኋላው አግዳሚ ላይ የተቀመጠው አባት አንገቱን አሰገገ። እውነቱን ቢናገር ቤቱ መሄዱ ነው፤ ዝም ቢልም መሄዱ ነው። ልጁ በክራንቹ ተደግፎ ዞር አለና አባቱን አየው፤ ዳኛው ቶሎ መልስ እስኪሉት ድረስ አየው።

«ኢንጂነሩ ናቸው» አለ።

ተፈረደላቸው። መሥሪያ ቤቱ ይግባኝ አለ፣ በጀት የለም አለ፣ በመጨረሻ አማራጭ ሲያጣ ኪራዩንም ካሳውንም ከፈለ። የባንኩ ዕዳ የተዘጋ ቀን አባት እየከነፈ ወደ ቤቱ መጣ። ልጁ በር ላይ ተቀምጦ የሱሪውን ባዶ እግር አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ያያይዛል። አባት አጠገቡ ቁጭ አለና፣ ተገላገልን ልጄ፣ ቤታችን ተረፈልን አለው።

ልጁ መርፌ ቁልፉን እስኪቆልፍ ቀና አላለም።

«ሎደርህን አስከፍዬልሃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የእግሬን ማንን ልክሰስ፣ አባዬ?»

አባት እጁን ወደ ልጁ ትከሻ ሰደደና መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እናትየው ከውስጥ ምን እያወራችሁ ነው ብላ ጠየቀች።