የቆርቆሮው ኩባያ

ራ ሴባኮ ማግዊኛ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ገምጦ የጣቱን ዘይት ላሰና በሞዲሪ የቆርቆሮ ኩባያ ሻዩን ፉት አለ። ኩባያውን ማን አንስቶ እንደሰጠው አልታወቀም። ጋኦኔ መሬት በተነጠፈላት ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች የተደረበላትን ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

ባሏ ሞዲሪ የአመክሮ መኮንን ነበር፤ በአመክሮ የተለቀቁትን ቤት ለቤት እየዞረ የሚከታተል። ከዚያው ዙረት ሲመለስ ልቡ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ራ ሴባኮ አለቃው ነው። ቅዳሜ በቀብሩ ላይ የሥራ ባልደረቦቹን ወክሎ የሚናገረውም እሱ ነው ተብሏል።

"እኛ እኮ ሠራተኛ አንጥልም" አለ ለለቀስተኞቹ ሴቶች። የሥነ ልቦና አማካሪ ከዋና ከተማው ከጋቦሮኔ እያስመጣ፣ ሠራተኞቹ የከበዳቸውን እንዲያወሩላት እንደሚሰበስባቸው ተረከላቸው።

ጋኦኔ አማካሪዋ የመጣችበትን ያን ሐሙስ አስታወሰች። ሞዲሪ ሸሚዙን በገዛ እጁ ተኩሶ "ዛሬ ስለ ልጅቷ እነግራታለሁ" ብሏት ወጣ። ልጅቷን የገደላት ሞዲሪ ራሱ መስክሮለት በአመክሮ የተለቀቀ ሰው ነው፤ ሞዲሪ ስሟን በእንቅልፉ ይጠራ ነበር። ማታ ሲመለስ ግን "ሻይ ስጪኝ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ሁለተኛም አማካሪዋ ዘንድ አልሄደም።

"አይ ሞዲሪ" አለ ራ ሴባኮ እየሳቀ። "አንድ ቀን እፊቷ ተንሰቅስቆ አለቀሰላችሁ። እኔም 'ይሄ ባልዲ ያፈሳል' አልኩ። ከዚያ ወዲያ ቢሮው ሁሉ 'ቀዳዳው ባልዲ' ነበር የሚለው። ቅዳሜም ጣል አደርጋታለሁ፤ ሰው ትንሽ ፈገግ ይበል።"

ሁለት ሴቶች ሳቅ ጀምረው ዋጡት።

"እርስዎም አብረው ተቀምጠው ነበር?" አለች ጋኦኔ።

"የት ልሂድ፣ ማ ሞዲሪ?" አላት በባሏ ስም ጠርቶ። "ቢሮዬ አይደል እንዴ?"

ከንፈሩ ላይ የቀረው ዘይት ሲያብለጨልጭ አየችና ፊቷን አጠገቧ ወደተቀመጠችው አክስቷ መለሰች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሁሉም ግን ሰማ።

"አክስቴ፣ ቀብሩን ለሚያሰናዳው አጎቴ ንገሪልኝ። ቅዳሜ ቢሮውን ወክሎ የሚናገር የለም።"

"ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?"

"እሷም ታፈሳለች ይበል።"

ራ ሴባኮ ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ባርኔጣውን ፈለገ፤ ማንም አልሸኘውም።

አክስቷ ኩባያውን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ ባሏ ያልተቀበረላት ሴት ሥራ አትነካምና። ጋኦኔ ቀደመቻት። ትራፊውን በመስኮት ደፋች፤ የኩባያውን አፍ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፣ ጨርቁን ገልብጣ እንደገና ጠረገች። ከዚያ ፍራሹ ላይ ሞዲሪ ይተኛበት በነበረው በኩል ደፍታ አስቀመጠችውና ብርድ ልብሱን ከራሷ ላይ ቀንሳ አለበሰችው።