አራቱ ነጥቦች

ታላቅየዋ የስበት መለኪያውን ተሸክማ አሥራ አንድ ዓመት ሜዳ ለሜዳ ዞራለች። ታናሽ እህቷ ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው መሥሪያ ቤት ከተቀጠረች ገና ሰባት ወሯ ነው። ሆኖም ቁጥሩን የምትተነትነው እሷ ናት፤ መስኮት ያለው ክፍል የተሰጠውም ለእሷ ነው። ኃላፊው «የኛ ሊቅ» ይላታል። ይህን በሰማች ቁጥር ታላቅየዋ ከሰው ጋር ትስቃለች፣ አንጀቷ ግን ያራል።

በዚያ ሰሞን ሥራቸው ለከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ቦታ ማጣራት ነበር። ከአፈሩ ሥር የተቀበረ የአለት ስንጥቅ እንዳለ ተጠርጥሯል፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን የሚያውቅ የለም። ታላቅየዋ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በየሃምሳ ሜትሩ እየቆመች ለካች። ልል ደለል በሞላበት ስበቱ ዝቅ ይላል፤ ጠንካራው አለት ወደ ላይ ሲቀርብ ከፍ ይላል። ቁጥሩ ድንገት የሚዘልበት ቦታ ስንጥቁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ታናሽየዋ ጠራቻት።

«እትዬ፣ ነይ እዪልኝ! አገኘሁት። ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። ማጠራቀሚያው ከስንጥቁ ሁለት መቶ ሜትር ይርቃል፤ ተገላገልን!»

ታላቅየዋ መስመሩን አየችና ወዲያው ገባት። ከዝላዩ በፊት ያሉትን አራት ነጥቦች የለካች ዕለት ጂፒኤሱ ወድቆባት ነበር፤ ከፍታቸውን አራት ሜትር ያህል አሳንሶ መዝግቧል። ከፍታ ሲሳሳት በእሱ የሚሰላው ስበትም አብሮ ይዋሻል፤ እዚያ ያለው አለት ደለል መስሏል። ስህተቱን በሜዳ ደብተሯ ጽፋዋለች፣ ኮምፒውተር ላይ ግን አላስገባችውም።

ልትናገር አፏን ስትከፍት ኃላፊው በበሩ ብቅ አለ። «እህትሽ ባትመጣልን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?» አላት።

«እውነትዎን ነው» አለችና ወጣች። ሊቅ አይደለች? ራሷ ትድረስበት!

ቅዳሜና እሑድን እህል አልወርድላት ብሎ ዋለች። እናታቸው ስለ ታናሽየዋ በስልክ ለዘመድ ሁሉ ስታወራ ደግሞ ባሰባት።

ሰኞ ቦታውን ለማጽደቅ በተጠራው ስብሰባ ላይ ኃላፊው ሊፈርም ብዕሩን አነሣ።

«አይፈርሙ!» አለች ታላቅየዋ። ደብተሯን ገለጠች። «የአራቱ ነጥቦች ከፍታ ስህተት ነው። ሲታረም ስንጥቁ ወደ ምዕራብ ይመጣል። የሚያልፈው ልክ በማጠራቀሚያው ሥር ነው።»

ታናሽየዋ ቁጥሮቹን አየች። ፊቷ ቀላ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ታላቅየዋ ‹አሁን› ማለት ትችል ነበር።

«ሐሙስ።»

ኃላፊው ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ።

በማግስቱ ሁለቱ አብረው ሄደው አራቱን ነጥቦች እንደገና ለኩ። ከቁጥር ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ከዚያ የመጣው የጉድጓድ መሰርሰሪያ በተባለው ቦታ ሠላሳ አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ የተፈረካከሰ አለት አወጣ፤ ማጠራቀሚያውም ቦታው ተቀየረ።

ኃላፊው «ለካስ ሊቋ አንቺ ነሽ!» ሲላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የእሷ ስም ከእህቷ ስም በላይ ተጽፏል። ደንግጣ ወደ ታናሽየዋ ክፍል ገባች።

«ስሜን ከዚህ አውጪው። ቀንቼብሽ ነው ዝም ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ታናሽየዋ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ። «ገና አልበረደልኝም፤ ምሳ አብሬሽ አልበላም። ስንጥቁን ያገኘው ግን ያንቺ ደብተር ነው። ስምሽ እዚያው ይቆያል።»

ታላቅየዋ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። በዚህም ቀናችባት።